ወንድሜ ዘጠኝ ገጽ የኋላ ታሪክ ጻፈ፣ ካራክተሩ በሁለተኛው እሑድ ሞተ

የእሑድ ማስተር (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፤ ታገሱኝ።

እኛ ቤት እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር (የታሪክ ሰው) ሆኖ፣ በንግግርና በዳይስ የሚጫወተው የተረት ጨዋታ ነው። የምመራው እኔ ነኝ። ተጫዋቾቹ አምስት ናቸው፦ ታናሽ ወንድሜ፣ የአክስቴ ልጅ፣ አብረውኝ በነርስነት የሚሠሩ ሁለት ልጆች እና አንድ ጎረቤታችን። የያዝነው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን አምስተኛ እትም ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ጨዋታው ግን በአማርኛ። ሌቭሉና (የካራክተሩ ደረጃ) ሂት ፖይንቱ (ሳይወድቅ የሚችለው የጉዳት መጠን) እንደ መጽሐፉ ይጠራል፤ ዛቻው፣ ልመናው፣ ክርክሩ ሁሉ በአማርኛ ነው። በመሀል ቡና ይፈላል። ቶና ላይ ስንደርስ ብዙ ጊዜ ውጊያ ተጀምሯል።

አዲሱን ዘመቻ ልንጀምር ስንል "የካራክተራችሁን የኋላ ታሪክ ጽፋችሁ ኑ" አልኳቸው። ሌላ ምንም አላልኩም። ስንት ገጽ ይሁን፣ ምን ላይ ይውላል፣ አልነገርኳቸውም። ወንድሜ ዘጠኝ ገጽ ይዞ መጣ። በእጁ፣ በአማርኛ የተጻፈ። ልጁ እዚህ አገር የገባው በሰባት ዓመቱ ነው። አማርኛ መጻፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዘጠኝ ገጽ ለእሱ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ።

ታሪኩ የአንድ መልእክተኛ ነው። አባቱም መልእክተኛ ነበር። አባትየው ሳያደርሰው የሞተ አንድ የታሸገ ደብዳቤ አለ። ልጁ ያንን ደብዳቤ ይዞ አገር ላገር ይዞራል።

በሁለተኛው እሑድ ድልድይ ላይ ጎብሊኖች (ትንንሽ ጭራቆች) አድፍጠው ጠበቋቸው። አንዱ ጎብሊን ቀስት ለቀቀ። ዳይሱ 20 ወጣ። 20 ሲወጣ የጉዳቱ ዳይስ እጥፍ ይጣላል፤ 11 ደረሰ። ወንድሜ የነበረው 9 ሂት ፖይንት ነው። ወደቀ። የወደቀ ካራክተር ተራው በደረሰ ቁጥር ባለ 20 ጎን ዳይስ ይጥላል። ከ10 በታች ከወጣ አንድ ይያዝበታል፤ ሦስት ከተያዘበት ሞተ ማለት ነው። 1 ከወጣ ደግሞ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ወንድሜ መጀመሪያ 6 ጣለ። ቀጥሎ 1። አለቀ። ፈዋሿ እሱ ጋ ለመድረስ አንድ ተራ ብቻ ቀርቷት ነበር።

ቤቱ ጸጥ አለ። ወንድሜ ደብተሩን አጠፈ። "ይሁን፣ ሌላ እሠራለሁ" አለ። በሚቀጥለው እሑድ ሁለት መስመር ይዞ መጣ፦ "ወታደር ነበር። ብር ይፈልጋል።"

የከነከነኝ ሞቱ አይደለም። ዳይስ እስከጣልን ድረስ ሞት አለ። የከነከነኝ ከዘጠኙ ገጽ አንዲት መስመር እንኳ ጠረጴዛው ላይ ሳትወጣ መቅረቷ ነው።

አሁን ደግሞ ጎረቤታችንን ተመልከቱ። እሱ የጻፈው ሁለት መስመር ነው፦ "መንደሬን ከግብር ሰብሳቢ አዳንኩ። ከዚያ ሸሸሁ።" ከመጽሐፉ የመረጠው ባክግራውንድ (ካራክተሩ ቀድሞ የነበረው ሕይወት) ፎክ ሂሮ፣ የሕዝብ ጀግና፣ ይባላል። ይሄ ባክግራውንድ የራሱ ደንብ አለው። ተራው ሕዝብ ያስጠጋሃል፣ ይደብቅሃል፤ ለአንተ ብሎ ነፍሱን ግን አይሰጥም። እናም አንድ መንደር በደረስን ቁጥር "እዚህ የሚያስጠጋኝ ሰው አለ" ይላል። ደንቡ ስለሚፈቅድለት እኔ ሰው መፍጠር አለብኝ። አንዲት ጠላ ሻጭ ፈጠርኩ። ቀጥሎ ባሏን። ቀጥሎ ባልየው ለምን እንደሚጠላው። በሁለት ወር ውስጥ የጎረቤታችን ታሪክ ተጽፎ ቢሆን ከዘጠኝ ገጽ ያልፋል። እሱ ከነዚያ ሁለት መስመሮች ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም።

መጽሐፉ ሁሉንም ሰው እምነቱን፣ ትስስሩንና ድክመቱን ያስጽፋል። በጻፈው መሠረት የተጫወተ ሰው ኢንስፓሬሽን ያገኛል፤ ማለትም አንዴ ሁለት ዳይስ ጥሎ የተሻለውን ይወስዳል። የምሰጠው እኔ ነኝ። በሁለት ወር የሰጠሁት ሁለቴ ነው። ውጊያ እየመራሁ የአምስት ሰው ድክመት በጭንቅላቴ መያዝ አልቻልኩም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የኋላ ታሪክ ወደ ጨዋታ የሚገባው ተጫዋቹ በሚጽፈው ነው ወይስ ደንቡ በሚሰጠው? እናንተ ጋ እንዴት ነው የምታደርጉት? ወንድሜ ሌላ ዘጠኝ ገጽ እንዲጽፍ አልጠብቅም። ግን ያ ሁለት መስመር ያስፈራኛል።


ባለ ቆርኪ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እኔ በደንቡ ነው እላለሁ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

እኛ የምንጫወተው ፌት የሚባለውን ሌላ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ነው። ፌት ኮር የሚባለው እትም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። የራሱ ዳይስ አለው፤ አራት ፍሬ፣ ፕላስ፣ ማይነስና ባዶ ጎን ያለው። እዚህ ስላጣነው ተራ ዳይስ ገዝተን በፓርከር ምልክት አደረግንበት። 1ና 2 ማይነስ፣ 3ና 4 ባዶ፣ 5ና 6 ፕላስ። ያው ነው የሚሠራው።

በፌት አንድ ካራክተር ማለት በዋናነት አምስት አጫጭር ሐረጎች ነው። መጽሐፉ አስፔክት ይላቸዋል። እኛ "የፈረስ ስም" ነው የምንላቸው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደሚባሉት። ሁለት ቃል ነው፤ ሰውዬው ግን ከነሙሉ ቁመናው ይመጣልሻል። ጦር ሜዳ ላይ ዘጠኝ ገጽ የሚያነብ የለም። የፈረስ ስም ግን ይጠራል።

ሐረጉ ሲጠቅምህ አንድ የፌት ነጥብ ትከፍልና ውጤትህ ላይ 2 ትጨምራለህ፣ ወይም ዳይሱን ደግመህ ትጥላለህ። ሐረጉ ሲጎዳህ ደግሞ መሪው ነጥብ ይሰጥሃል። የጨዋታው ልብ እዚህ ጋ ነው።

አንዱ ጓደኛችን የሚጫወተው ሌባ ነው። ከሐረጎቹ አንዱ "እናቱን እምቢ የማይል" ይላል። አንድ ቅዳሜ ግምጃ ቤት ደጃፍ ደረሱ። በሩ ሊከፈት ነው። እኔ አንድ ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ (ነጥብ የምንቆጥረው በለስላሳ ቆርኪ ነው)። "እናትህ ልጅ ልካብሃለች፤ አሁኑኑ ድረስልኝ ብላለች። ትሄዳለህ?" አልኩት። እምቢ ማለት ይችላል፤ እምቢ ካለ ግን ከራሱ አንድ ቆርኪ ይከፍላል። የቀረው ደግሞ አንድ ነው። ቆርኪውን አየ። በሩን አየ። ጓደኞቹን አየ። ከዚያ ተነስቶ ሄደ። ስርቆቱ ፈረሰ። ከዚያ ጣጣ ለመውጣት ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ዛሬ የዚያን ግምጃ ቤት ጌታ ስም የሚያስታውስ የለም። የእናትየውን ስም ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላም ነገር አለ። ካራክተር ስንሠራ እያንዳንዱ ሰው አንድ ያለፈ ገጠመኙን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ከዚያ ወረቀቱን ለሌላው ያቀብላል። የተቀበለው ሰው በዚያ ገጠመኝ ውስጥ እሱ የት እንደነበረ ይጨምርበታል። አንዴ እንደገና ይዞራል። ሲያልቅ የማንም ታሪክ የብቻው አይደለም። ከወንድምሽ ጽሑፍ የጎደለው ይሄ ይመስለኛል። ሌሎቹ አራቱ እዚያ ውስጥ አልነበሩም።


ባለ አካፋ (ዳላስ)

አጭር መልስ፦ ታሪክ አታስጽፊያቸው።

እኛ በምንጫወተው ዳንጀን ክሮል ክላሲክስ በሚባለው ጨዋታ ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት አራት ሰው ይዞ ነው የሚጀምረው። ሁሉም ሌቭል ዜሮ ናቸው። ሂት ፖይንታቸው በባለ አራት ጎን ዳይስ ይወጣል። ሙያቸው እስከ 100 ከሚሄድ ሰንጠረዥ በዕጣ ይመጣል። ለኔ ከደረሱኝ አራት ሰዎች አንዱ መቃብር ቆፋሪ ነበር፤ መሣሪያው አካፋ። እንደ ቡድን 16 ሰው ይዘን ገባን፣ በአምስት ወጣን። ቆፋሪዬ የቀሩትን ሦስቱን የኔን ሰዎች ቀብሮ ነው የወጣው። ዛሬ ስድስተኛ ሌቭል ነው። ጎራዴ ግዛ ሲሉት እስካሁን እምቢ ይላል። አካፋውን አይጥልም።


የድሮ ተጓዥ (ሚኒያፖሊስ)

ልጄ፣ ጥያቄሽ የወጣትነቴን ዘመን አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዩኒቨርሲቲ ስገባ የዶርም ጓደኞቼ ይጫወቱ የነበረው ትራቭለርን ነው። በ1977 የወጣ የጠፈር ጉዞ ጨዋታ ነው። ሦስት ትንንሽ ጥቁር መጻሕፍት በአንድ ሳጥን።

እዚያ የኋላ ታሪክ አይጻፍም፤ በዳይስ ይኖራል። ካራክተርሽ በ18 ዓመቱ ይጀምራል። ባሕር ኃይል፣ ማሪን፣ ምድር ጦር፣ ስካውት (አሳሽ)፣ የንግድ መርከብ ወይም ሌላ ሥራ ይገባል። ባሕር ኃይሉ መቼም የጠፈር ነው። ከዚያ ሕይወቱ በአራት በአራት ዓመት ይቆጠራል። በየአራት ዓመቱ የመትረፊያ ዳይስ አለ። ስካውት ከሆነ በሁለት ዳይስ 7 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ሰውነቱ ጠንካራ ሆኖ ካልተጨመረለት በቀር፣ ከ36ቱ አወጣጥ የሚያድነው 21ዱ ብቻ ነው። ካልመጣለት ይሞታል። ጨዋታው ገና ሳይጀመር! ወረቀቱ ይቀደድና እንደገና ከ18 ዓመት ይጀመራል። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ስካውት ቀብሬያለሁ።

ሦስተኛውን ባሕር ኃይል አስገባሁት። ለሹመት ዳይስ ጣልኩ፤ አልመጣም። ከአራት ዓመት በኋላ ደገምኩ፤ አልመጣም። አምስት ጊዜ። ከ34 ዓመት ጀምሮ እርጅናም በዳይስ ይመጣል፤ ጉልበቱ ቀነሰ። በ38 ዓመቱ፣ ከ20 ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ ያለ አንዳች ማዕረግ ወጣ።

እስከዚህ ድረስ አንድ ቃል አልጻፍኩም። በመጀመሪያው ማታ ጓደኛዬ "ሃያ ዓመት ሙሉ ለምን አልሾሙህም?" ብሎ ጠየቀኝ። ሳላስብ "የአዛዤን ጥፋት አንዴ በጽሑፍ ሪፖርት አድርጌ ነበር" አልኩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚያች መልስ የተወለደ ነው። ያ አዛዥ አድሚራል ሆኖ መጣብን። ሁለት ዓመት አሳደደን።

እኛ አገር ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው "የማን ልጅ ነህ?" ነው። መልሱን ማንም አልመረጠውም። ተወልዶበት ነው። ትራቭለር ውስጥ ያገኘሁት ስሜት ይሄ ነው፤ ያልመረጥኩትን ሕይወት የኔ ብዬ ማስረዳት። ስለዚህ የወንድምሽ ሁለት መስመር አያስፍራሽ። ወታደር ነበር፣ ብር ይፈልጋል። ጥሩ ጅምር ነው። ብሩን ማን ከለከለው? ስንት ዓመት አገለገለ? ጠረጴዛው ላይ፣ በሰው ፊት ጠይቂው። መልሱን አስቀድሞ እንዲጽፍ አትፍቀጂለት።


ረጅም ጸሐፊ (ስቶክሆልም)

እኔ በሙሉ ልቤ አልተስማማሁም። ደንብ ለታሪክ በር ይከፍታል፤ እሺ። ግን ታሪክ ሁሉ በዚያ በር መውጣት አለበት?

የምጫወተው ኮል ኦቭ ክቱሉ የሚባለውን የአስፈሪ ታሪክ ጨዋታ ነው፣ ሰባተኛውን እትም። ካራክተሬ በ1920ዎቹ ቦስተን የምትኖር ፎቶ አንሺ ናት። በዚህ ጨዋታ ወረቀቱ ላይ ለኋላ ታሪክ የተለየ ቦታ አለ። የምታምኚበት ነገር፣ የምትወጂው ሰው፣ ልዩ ቦታሽ፣ የማትለዪው ዕቃ ይጻፋል። ከነዚህ አንዱን ቁልፍ ታደርጊዋለሽ። አእምሮሽ ሲናጋ ለማገገም የሚረዳሽ እሱ ነው። መሪው ለማዳን ዳይስ ሳያስጥልሽ ሊያጠፋብሽ አይገባም። ሌላውን ግን እብደት ሲመጣ ሊያጣምምብሽ ይችላል።

የኔዋ ሴት ከእህቷ የተጻፈላትን ደብዳቤ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። አንድ ማታ ምድር ቤት ወርዳ ማየት የሌለባትን አየች። ዳይሱ ከዳኝ። መሪያችን ወረቀቴን ወሰደ። "ከእህቷ" የሚለውን ሰርዞ "እህቷ ነኝ ከምትለው" ብሎ ጻፈበት። መልሶ ሲሰጠኝ እጄ ቀዘቀዘ። ያንን ደንብ እወደዋለሁ። የጻፍኩትን ነገር አክብሮ ነው የሰበረው።

ሌላም ልንገራችሁ። ያቺ ሴት ልጅ ሳለች ቤታቸው ተቃጥሏል። ይሄ ወረቀቱ ላይ የለም። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ባለፈው ክረምት ቡድናችን አንድ የተረገመ ቤት ለማቃጠል ወሰነ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ክብሪቱ የነበረው እኔ ጋ ነው። አልሰጥም አልኩ። ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም። ዳይስ አልጣልኩም፣ ነጥብም አልተቀበልኩም። በኔ ምክንያት ሁለት ሰው ቆሰለ። እስከ ዛሬ ከተጫወትኩት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ያ ማታ ነው።

አንቺ ደግሞ፣ እህቴ፣ ስለ ደንብ ጠየቅሽ፣ ስለ ጎረቤትሽ ነገርሽን። ወንድምሽን ግን ጠይቀሽዋል? ከዘጠኙ ገጽ የቱ እንዲወጣለት ነበር የሚፈልገው? ዘጠኙንም ገጽ አንብበሽዋል? በክፋት አይደለም የምጠይቅሽ። እኔም ረጅም የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ ነው።


የእሑድ ማስተር

አላነበብኩትም። ሦስት ገጽ አንብቤ የቀረውን ሥራ ሲቀለኝ አነበዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ሞተ፤ ደብተሩም ተዘጋ።

ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብዬ ልመለስ።


የእሑድ ማስተር (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። ደብተሩን ተቀብዬ ሌሊት ሥራ ላይ በእረፍቴ አነበብኩት።

ገጽ አራት ላይ በቅሎ አለች። ስሟ ሸጋ ነው። ሰጋር በቅሎ ናት። አንድ ጠባይ አላት። ድልድይ አፍ ስትደርስ ትቆማለች። ካልተዘፈነላት አትሻገርም።

እዚህ ስደርስ ደብተሩን አስቀመጥኩ። ይህቺን በቅሎ አውቃታለሁ። የአያታችን ናት። አያታችን በበቅሎ የሚዞሩ ነጋዴ ነበሩ። ስለ ሸጋ እናታችን ማታ ማታ ትነግረን ነበር፤ ያኔ ወንድሜ ገና ሕፃን ነው። አያታችንን አያውቃቸውም። ለእናታችን ደውሎ፣ አንድ በአንድ ጠይቆ ነው የጻፈው። የኮርቻው ቀለም ሳይቀር አለ።

ጎብሊኖቹ ያደፈጡት ደግሞ ድልድይ ላይ ነው። ገጽ አራትን አንብቤ ቢሆን ኖሮ በቅሎዋ ድልድዩ አፍ ላይ ትቆም ነበር። እነሱም ይቆሙ ነበር። ይሄ ሌሊቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

በማግስቱ ወንድሜን "የቱ እንዲወጣልህ ነበር የፈለግከው?" ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለ። "ሁሉን እንድታወጪው አልፈለግኩም። በቅሎዋ ብቻ እንድትመጣ ነበር" አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ካራክተሩን ላስነሳልህ ወይ ብዬም ጠየቅኩት፤ በጨዋታው ሙት ማስነሳት ይቻላል። አልፈለገም። "ሞቷል። ሸጋ ግን አልሞተችም" አለ።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። መጽሐፉ ውስጥ በቅሎ በ8 ወርቅ ትገዛለች። 11 ሂት ፖይንት አላት። ጌታዋ የነበረው 9 ነው፤ ከእሱ ትበልጣለች። ሹር ፉትድ የሚባል ደንብም አላት። የሚጥላት ነገር ሲመጣባት ሁለት ዳይስ ጥላ የተሻለውን ትወስዳለች። ይሄን ያወጣ ሰው በቅሎ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ከዚያ ላይ አንድ ደንብ ብቻ ጨመርኩ። ሸጋ ድልድይ አፍ ላይ ትቆማለች፤ ከፊት አደጋ ካለ ማስተሯ ለተጫዋቾቹ የመናገር ግዴታ አለባት። ካልተዘፈነላት ደግሞ አትሻገርም።

ባለ ቆርኪ፣ ወረቀት ማዞሩን ሞከርነው። የአክስቴ ልጅ ከጎረቤታችን መንደር ግብር ስትሰበስብ እንደነበር አወቅን። እስካሁን እሱ አልነገራትም፣ እሷም አልነገረችውም። ስድስታችንም እናውቃለን፣ ሁለቱ ካራክተሮች ግን አያውቁም። በጣም ደስ ይላል።

አንዱ ባልደረባዬ ወደ 2024ቱ እትም እንሻገር ብሎ ነበር። አየሁት። እዚያ ባክግራውንድ ማለት እንደ ጉልበትና ቅልጥፍና ባሉት ላይ የሚጨመር ቁጥር፣ ከሱም ጋር አንድ የተለየ ችሎታ ነው። ሰው ወታደርን የሚመርጠው ለቁጥሩ ሊሆን ነው። የጎረቤታችን የማስጠጋት ደንብ የለም፤ ፎክ ሂሮም ራሱ የለም። ጠላ ሻጯን በምን ልጥራት? ባለንበት ቆየን።

ትልቁ ለውጥ ኢንስፓሬሽን ላይ ነው። ከእጄ አወጣሁት። አሁን ተጫዋቹ ራሱ ይወስደዋል። እሑድ አንዴ፣ ዳይስ ከመጣሉ በፊት ተነስቶ ይፎክራል። ፉከራው ውስጥ ስላለፈው ሕይወቱ ማንም ያልሰማው አንድ ነገር መኖር አለበት። ወዲያው ሁለት ዳይስ ይጥላል። የተናገረው ግን እውነት ሆኖ ይቀራል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሰው ሲፎክር ዘሩንና ግዳዩን የሚቆጥረው ሰሚ ኖሮት ነው። እኛም ጋ እንደዚያ ሆነ። የማስታወሱ ሥራ ከኔ ላይ ወረደ።

ያለፈው እሑድ ወደዚያው ድልድይ ተመለሱ። እኔ እንዲህ አልኩ፦ "ድልድዩ አፍ ላይ አንዲት በቅሎ ቆማለች። ኮርቻዋ ቀይ ነው። ሰው የላትም። የደብዳቤው ኮሮጆ አሁንም አንገቷ ላይ ነው።" የአክስቴ ልጅ ልጓሙን ይዛ ልትጎትታት ሞከረች። ዳይሱ 7። አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላ ደግሞ የሚያሳድዳቸው አለ።

ወንድሜ ተነሳ። ያ ብር ብቻ የሚፈልገው ወታደር ማለት ነው። ፉከራውን ስልኩ ላይ ጽፎት ነበር፤ ግን ሳያይ ነው ያለው፦

"ዘራፍ! ስሜ የተፋቀ ከደሞዝ መዝገብ፣
ድልድይ ስጠብቅ የኖርኩ በብርድና በራብ፤
መልእክተኛው ሲወድቅ ያየሁት ከማዶ፣
እግሬ ያልታዘዘኝ በፍርሃት ታግዶ።"

ማንም እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቀም። እኔም አላወቅኩም ነበር። በዚያች እሑድ፣ ያኛው ካራክተሩ 6 ከዚያ 1 ሲጥል፣ ይሄኛው ወንዙ ማዶ ቆሞ ያይ ነበር ማለት ነው። ፈዋሿን የምትጫወተው ልጅ አፏን ያዘች። እሷም አንድ ተራ ዘግይታ ነበር እኮ።

ሁለት ዳይስ ጣለ። 4 እና 17። የሚያስፈልገው 15 ነበር።

ከዚያ መዝፈን ነበረበት። ደንቡ ነዋ። ለእናታችን ደውሎ ዘፈኑንም ጠይቆ ኖሯል። መጀመሪያ ድምፁ አልወጣም። ሁለተኛውን ስንኝ እኔ ተቀበልኩት። ሸጋ ተሻገረች።


የድሮ ተጓዥ

ልጄ፣ አነበብኩት። ሁለቴ። "በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች" ይባላል። ያ ወታደርም ብር ነው የምፈልገው ሲል እንዲሁ ነበር ያደረገው። በይ ለወንድምሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ደብዳቤው የሚደርሰው ለማን ነው?


የእሑድ ማስተር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰላምታዎን አድርሻለሁ። ደብዳቤው የተጻፈለት ሰው ገጽ ዘጠኝ ላይ አለ። ማን እንደሆነ አሁን ሁለታችንም እናውቃለን። የቀሩት አራቱ ግን ይሄን ገጽ ስለሚያነቡት እዚህ አልጽፈውም። ማኅተሙ ገና አልተከፈተም፤ ኮሮጆውን የያዘው ወታደሩ ነው። ጎረቤታችን "ያኔ ለምን አልደረስክለትም?" ብሎ ጠይቆት ሳይመልስ ነው ያቆምነው። እሑድ ከዚያ እንቀጥላለን።